ለአያ አራጋው የጠራሁለት ቀለም

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ የተከበራችሁ ሼሆቻችን፣ የቅሬያችን፣ የእድራችን ሰዎች፣ እናቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ፤ አያ አራጋውን ለመሸኘት ከሐይቅም ከውጫሌም ስለመጣችሁልን አላህ ይስጥልን፣ እግዜር ይስጥልን።

እኔን ታውቁኛላችሁ። ኑርሁሴን ነኝ፣ ልብስ ሰፊው። ማሽኔ ገበያው በረንዳ ላይ ከአያ አራጋው ማሽን ጎን ነው ያለው። ነበር ለማለት ምላሴ እንቢ ብሎኛል።

አያ አራጋው ምን ይሰፋ ነበር? ከዩኒፎርም፣ ከገበር፣ ከቀሚስ የተረፈውን ቁርጥራጭ ይለቃቅማል። ይገጣጥመዋል። በመሃሉ ባዘቶ አስገብቶ አልጋ ልብስ ያደርገዋል። አበባ ያለበት ጨርቅ ግን አይነካም። ነጠብጣብ አይነካም። መስመር አይነካም። ወጥ ቀለም ብቻ! "አበባ ያለው ብቻውን ያምራል፤ ወጥ ቀለም ግን ጎረቤት ይሻል" ይለኝ ነበር። ከእናንተ መሃል በእሱ ልብስ ያልተዳረ ማን ነው? በእሱ ልብስ ያልታረሰች እናትስ የት አለች?

እትዬ ዑምኩልሱም፣ አይቼሻለሁ፣ እዚያ ጋ ነሽ። የካቻምናውን ዓርብ ታስታውሺዋለሽ? ለልጅሽ ለኢንሳፍ ሠርግ ያዘዝሽውን ልትወስጂ መጣሽ። እኔ ጁምዓ ሰግጄ ስመለስ በረንዳው ላይ ያለው ሰው በሳቅ ፈርሷል። ልብሱ ተዘርግቷል። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። ከራስጌ እስከ ግርጌ ባንዲራ! "አያ አራጋው፣ ልጄን የምድራት ለባል ነው ለቀበሌ?" አልሽው። እሱም አብሮ ሳቀ። "ስቀልድብሽ ነው፣ ሰኞ ነይ" አለሽ።

ቀልድ አልነበረም። ሰዉ ሲበተን ልብሱን ጭኑ ላይ አድርጎ ጠራኝ። "ኑርሁሴን፣ እነዚህ ምን ምን ናቸው?" አለኝ። የሚያሾፍ መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። "ከሦስት ክምር በተራ በተራ ነው ያነሳሁት፤ ሁሉም አመድ ነው የሚመስለኝ" አለኝ።

ዓይኑ ሰው ይለያል። ክር በመርፌ ያስገባል። ቀለም ግን ጥሎት ሄዷል። ደሴ ሐኪም ቤት ወሰድኩት፤ አይመለስም አሉን። ስንመጣ ሚኒባሱ ውስጥ እጄን ያዘኝ። "ለማንም አትንገር። ካወቁ ጨርቅ የሚያመጣልኝ የለም። ከዚያ በረንዳ ከወረድኩ የት ልግባ? ቤቴ ማን አለ?"

ማን ነበረው? ባለቤቱ ማርያማዊት ካረፈች ወዲህ ልጅ የለ፣ ዘመድ የለ፣ ደጁ ቆሞ "ቤቶች!" የሚል እንኳ የለ። እኔም ቃሌን ጠብቄ ኖርኩ። ዛሬ ከበረንዳው የሚያወርደው የለምና ልናገር።

"ኑርሁሴን አረጀ፣ ብቻውን ማውራት ጀመረ" ስትሉ ሰምቻለሁ። ባድሩ፣ አንተማ ፊት ለፊት ነው ያልከኝ! ገበያተኛ ቆሞ ሳለ "ይሄ ቢጫ የማን ነው? ይሄን ሰማያዊ የት ላድርገው?" እያልኩ ስለፈልፍ ትስቁብኝ ነበር። ብቻዬን አልነበረም የማወራው። አያ አራጋው ጨርቁን ጉልበቱ ላይ ያደርጋል፤ እኔ የራሴን የምፈልግ መስዬ ቀለሙን እጠራለሁ፤ እሱ ይሰፋል። ጎን ለጎን የሚውለውን ግን አንድም ቀን መርጬለት አላውቅም። "ቢጫ" ስለው ዓይኑን ይጨፍናል። "እንግዲያው ቡናማውን አቀብለኝ" ይለኛል። ከዚያ ወዲህ የወሰዳችኋቸው፣ እንግዳ ሲመጣ የምታነጥፏቸው ልብሶች ሁሉ፣ እሱ አላያቸውም። አንዱንም አላየም።

ነገስ? ነገ ማሽኔን እከፍታለሁ። እጄ ጨርቅ ሲያነሳ አፌ "ይሄ ቀይ ነው" ማለቱ አይቀርም። ለማን ነው የምለው? በዚህ ዕድሜዬ ሌላ አራጋው ከየት አመጣለሁ? ከእንግዲህ ብቻውን ያወራል ብትሉኝ እውነታችሁን ነው። ጭር ብሎብኛል፣ ወገኖቼ። ገና ሳይቀበር ጭር ብሎብኛል።

አያ አራጋው፣ በል ልሸኝህ። ቀኑ ጠራ ብሏል። ከዛፎቹ ማዶ ሐይቁ ሰማያዊ ነው፤ ዳር ዳሩ ደንገሉ አረንጓዴ ነው። የሰዉ ነጠላ ነጭ ነው። የቄሱ ጥላ ወይን ጠጅ ነው፣ ዘርፉ ቢጫ። የሚመልሱብህ አፈር ቀይ ነው፤ አንተ የምትወደው ዓይነት፣ ደማቅ ያልሆነ ቀይ። ማርያማዊት በስተቀኝህ ናት። ከእንግዲህ እሷን ጠይቃት። ደህና ሁን፣ ወንድሜ።