ለደረጃ የተቆጠበ ዳሌ

ጎረቤቴ እትዬ ብዙነሽ ዳሌያቸውን በኦፕራሲዮን አስቀይረው ካዛንቺስ ሲመለሱ፣ እኛ በምርኩዝም ቢሆን ወዲያ ወዲህ ይላሉ ስንል እሳቸው በቃ ከወንበር አልነሣም አሉ። ለካ ሐኪሙ፣ «የገባልዎ ብረት የሚሽከረከረው ፕላስቲክ ላይ ነው፤ ፕላስቲኩ በብዙ ዓመት ሲኬድበት እየተበላ ይሄዳል» ብሏቸዋል። ሴትዮዋ ይህን ሰምተው ዳሌያቸውን እንደ ቡፌ ብርጭቆ አስቀመጡት! ውሃ የማቀብል እኔ፣ ገበያ የምሮጥ እኔ። አንድ ቀን ቢመረኝ፣ «እትዬ፣ ለመቼ ነው የሚቆጥቡት?» አልኳቸው። «ሰፈሩ ፈርሶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ቢደርሰኝስ? ደረጃውን በምኔ ልወጣው ነው?» አሉኝ።

ለዓመቱ ምርመራ ይዣቸው ሄድኩ። ሐኪሙ ራጁን ወደ መብራቱ አንሥቶ አየና ጭናቸውን ጨበጥ ጨበጥ አደረገው። «እማማ፣ ፕላስቲኩ እንዳዲስ ነው። ያለቀው ጡንቻዎ ነው። ስንት ዓመት የሚያገለግል ነገር ይዘው ምነው ተቀመጡ? ይሂዱበት እንጂ!» ስንወጣ እትዬ ብዙነሽ ሊፍቱን አልፈው የደረጃውን መደገፊያ ያዙ። «ተይኝ፣ ልሞክረው» አሉ። ጥቂት እንደወረዱ እግራቸው ተንቀጠቀጠና እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። «ፕላስቲኩ እኮ ምንም አላለኝም» አሉ ላባቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ፤ «እኔ ነኝ ያለቅኩት።» እኔም አጠገባቸው ተቀመጥኩ።