ከአውቶቡስ አልወርድም ያለው ወንድሜ

— ሄሎ፣ ዳልተን ክሪክ ነዳጅ ማደያና አውቶቡስ ማቆሚያ… ሄሎ? ማን ልበል?… ኤልዊን! አንተ ነህ እንዴ? የት ደረስክ?… ሄሎ፣ ትሰማኛለህ? ድምፅህ ይቆራረጣል።

— እሺ፣ አሁን ይሻላል። የት ደረስክ?… ራውሊንስን አለፋችሁ? በቃ፣ ሩብ ሰዓት ቢቀራችሁ ነው። እሰይ! አባዬማ ምሳውንም ሳይበላ ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል። ብታየው ትስቃለህ። ጢሙን ተላጭቶ፣ ያቺን የሾፌርነት ኮፍያውን ደፍቶ… ምን?

— ምን አልክ? ድገመው እስኪ።

— አልወርድም ማለት ምን ማለት ነው?

— ኤልዊን፣ ቀልድ ከሆነ አያስቅም።… አይደለም።… ቀልድ አይደለም።

— ቆይማ አንዴ። ኧርል፣ ቡናህን ራስህ ቅዳ፣ ስልክ ላይ ነኝ።

— አንተ ልጅ፣ ስማኝ። ከሜይን ተነስተህ ይኸው አስራ ዘጠኝ ቀን አሜሪካን በአውቶቡስ ስትዞር፣ በየደረስክበት እየደወልክ ያልነገርከኝ ነገር የለም። ክሊቭላንድ ላይ እንቅልፍ ጥሎህ ጫማህን እንደሰረቁህ ነገርከኝ። ኦማሃ ላይ ከጎንህ የተቀመጠው ሰውዬ ሌሊቱን ሙሉ ስለ ኩላሊቱ እንዳወራህ ነገርከኝ። ከዚያ ወዲህ አጠገብህ ያለው ወንበር ላይ ቦርሳህን ዘርግተህ፣ ሰው ሲመጣ ዓይንህን ጨፍነህ እያንኮራፋህ፣ ማንንም ሳታስጠጋ እንደምትሄድ እየሳቅክ አወራኸኝ። እኔም ሞኟ አብሬህ ሳቅኩ! "ሎርና፣ እናንተ ጋ እወርዳለሁ፣ ሁለት ቀን አድራለሁ" ያልከውም አንተው ነህ። እኔ አልለመንኩህም።… እሺ፣ ለምኜሃለሁ። ለምኜህ እሺ ያልከው አንተ ነህ!

— አስራ አንድ ዓመት እኮ ነው! አስራ አንድ ዓመት ዓይንህን አላየንም። እማዬ ስትሞት የላክኸውን ፖስትካርድ የረሳሁት መሰለህ? ዓሣ ነባሪ ያለበትን? እናትህ ሞታ ዓሣ ነባሪ ላክህልኝ፣ ኤልዊን!

— አዎ፣ እየሰማሁህ ነው።… አውቀዋለሁ።… አውቀዋለሁ አልኩህ እኮ! አስራ አምስት ዓመትህ ነበር። አባዬ በሚነዳው አውቶቡስ ይዞህ ሄደ። ለአስር ደቂቃ ቆማችሁ፣ አንተ የፖም ኬክ ልትገዛ ገባህ፣ ሁለት ደቂቃ ዘገየህ፣ ጥሎህ ሄደ።… አዎ፣ በረዶ ነበር።… አዎ፣ የሚቀጥለው አውቶቡስ እስኪመጣ ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ብቻህን ተቀመጥክ። ይሄን ታሪክ ከአባታችን ሆይ በላይ ሰምቼዋለሁ!

— እኔ መቼ ልክ ነው አልኩ? ልክ አይደለም! ለራሱም ፊት ለፊት ነግሬዋለሁ። ሰላሳ አንድ ዓመት "አውቶቡስ ማንንም አይጠብቅም" እያለ ነዳ። ለነፍሰ ጡር አልቆመም፣ ለወታደር አልቆመም፣ ለወለደው ልጅም አልቆመም። እሺ! ግን አንተ እኮ አርባ አንድ ዓመትህ ነው። አንዲት ቁራሽ ኬክ ሃያ ስድስት ዓመት ትታኘካለች?

— ታዲያ ማን ይንገረው?… እኔ? ሞቼ ነው! ጠዋት ሸሚዙን የተኮስኩለት እኔ፣ ጫማውን የወለወልኩለት እኔ፤ አሁን ደግሞ ወጥቼ "ልጅህ በመስኮት እያየህ ሊያልፍ ነው" ልበለው? ምን ዓይነት አንደበት ነው ያለኝ መሰለህ?

— "አልተሳፈረም በይው"? እንድዋሽልህ? ዓይንህን በጨው አጥበሃል፣ አንተ!

— ኧርል፣ ምን አፍህን ከፍተህ ታየኛለህ? የቤተሰብ ጉዳይ ነው። የቡናህ ክዳን እዚያ ጋ አለልህ።

— ይኸው መጣ። አውቶቡሳችሁ ከአውራ ጎዳናው እየታጠፈ ነው።… የት ጋ ነው የተቀመጥከው?… ከኋላ፣ ሽንት ቤቱ አጠገብ፣ በግራ በኩል።… አየሁህ! ኮፍያህን ፊትህ ላይ ደፍተህ! ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ማለት ይሄ ነው፤ ተደብቀህ ስልክ ታወራለህ?

— ሰዉ ለአስር ደቂቃ ዕረፍት መውረድ ጀመረ። አባዬ ተነሳ። በሩ ጋ ሄዶ ቆመ።… የሚወርደውን ሁሉ ፊት ፊቱን እያየ ነው። አንዷን ሴትዮ ክንዷን ይዞ አወረዳት። ኮፍያውን ነካ እያደረገ ሰላም ይላል። ከዚያ ታየዋለህ አይደል?… አላይም ካልክ ተወው፣ የራስህ አንገት ነው!

— ጣቶቹ ይንቀሳቀሳሉ።… ጣቶቹ ነው የምልህ! እየቆጠረ ነው፣ ኤልዊን።

— እንኳን ደህና መጡ፣ በስተቀኝ ነው፣ ቁልፉ ይኸውልዎት።… አንተን አይደለም፣ ሽንት ቤት የሚሄድ ተሳፋሪ ነው።

— ሾፌሯን እያነጋገራት ነው።… ምን እንደሚላት በምን አውቃለሁ? መሐላችን መስታወት አለ እኮ!… ወረቀቷን አወጣችና አሳየችው። ራሱን ነቀነቀ።… ወደዚህ እየመጣ ነው። ዝም በል። ስልኩን እንዳትዘጋው፣ ነገርኩህ! ብትዘጋው እዚያ ድረስ ወጥቼ በጆሮህ ጎትቼ ባላወርድህ የእማዬ አጥንት ይውጋኝ!

— አባዬ፣ ግባ፣ በሩን ዝጋው፣ ብርድ ነው።… ስልኩ? የዳቦ አከፋፋዩ ነው።… አዎ፣ ለዳቦ ነው እንዲህ የምጮኸው!… እህ?… ሰላሳ አራት ሰው ተጽፏል፣ ሰላሳ ሦስት ወረደ። እና ምን ይሁን? አንዱ ተኝቶ ይሆናላ።… ምን አልክ?

— ሄሎ። ሰማኸው?… አልሰማህም። "በዚህ መስመር ላይ አስር ደቂቃ ተሰጥቶት የማይወርድ ሰው ወይ የሞተ ነው ወይ የሚሸሽ ነው" አለኝ። "ልጄ ደግሞ አልሞተም" አለኝ።

— አንተ ቂል! ሰላሳ አንድ ዓመት የሰው ራስ ሲቆጥር ከኖረ ሰው አውቶቡስ ውስጥ ትደበቃለህ? ሌላ ቦታ አጣህ?

— እሺ አባዬ፣ የዳቦ አከፋፋይ አይደለም፤ እሱ ነው። እንካ፣ አናግረው።… ለምን አትፈልግም?… ኤልዊን፣ "በስልክ አይሆንም፣ በግድም አላወርደውም" ነው የሚለው።… ምን አባዬ? ትኬት? የምን ትኬት?

— የት ድረስ?… አባዬ፣ ፖርትላንድ የአንድ ቀን መንገድ ነው! ሰማንያ ሦስት ዓመትህ ነው እኮ!… "እሱ የሚሄድበት ድረስ"። ጎሽ! ደግ አደረግክ!

— ኤልዊን፣ አለህ? ትኬት ቁረጪልኝ ይለኛል። አንተ ካልወረድክ እሱ ሊሳፈር ነው።… ማን ነው ያበደው? እኔ ነኝ ወይስ እናንተ?… "እንዳትሸጪለት"? ኧረ በል! አሁን ደግሞ አዛዤ ሆንክ?

— አባዬ፣ የደም ግፊት መድኃኒትህስ?… ኪስህ ውስጥ? የስንት ቀን?… የሳምንት? መቼ ነው የያዝከው?

— ጠዋት።… ሰማህ ኤልዊን? የሳምንት መድኃኒት ጠዋት ኪሱ ከትቶ ነው የወጣው። አውቆታል። እንደማትወርድ ገና ድሮ አውቆታል! እኔ እዚያ ሸሚዝ ስተኩስ እሱ መንገድ እያሰናዳ ነበር። ለእኔ ግን ትንፍሽ አላለም! የእሳት ልጅ አመድ አሉ? ውሸት ነው፤ የእናንተ ቤት እሳት እሳት ነው የሚወልደው!

— እና እኔስ? እ? አንዱ ዕድሜውን ሙሉ ይዞራል፣ አንዱ በስተርጅና ይነሳል፣ እኔ እዚህ ከባንኮኒው ኋላ ቆሜ ለሁላችሁም ትኬት እቆርጣለሁ! ሃያ ዓመት ሙሉ መንገደኛ ስሸኝ፣ አንድ ቀን "ሎርና፣ አንቺስ?" ያለኝ ማን አለ?… ይቅርታ አትበለኝ! በስልክ ይቅርታ አልቀበልም፣ መጥተህ በለኝ!

— እንካ አባዬ። ትኬትህ ነው፣ እንዳትጥለው። ጃኬትህን ቆልፍ። ሳንድዊቾቹንም ያዝ፣ ሁለቱንም። አንዱ ለእሱ ነው። ከእኔ ነው እንዳትለው!

— ሾፌሯ ጥሩምባ ነፋች። ሰዉ እየገባ ነው። ቀስ በል አባዬ፣ ደረጃው ያዳልጣል።… ኤልዊን፣ ገና ከደጃፌ መውጣቱ ነው። ጉልበቱ እንደ ድሮው አይደለም። በዚህ አካሄዱ ሁለት ደቂቃ ይፈጅበታል።

— ተሳፋሪው ገብቶ አለቀ። እሱ ገና ነዳጅ መቅጃው ጋ ነው።… ሾፌሯ ሰዓቷን እያየች ነው፣ ኤልዊን። ንገራት!… ለሾፌሯ! እኔማ በምን ደርሼ ልንገራት? ተነስና "ጠብቂው" በላት! አፍ የለህም? ለእኔ ሲሆን ሃያ ስድስት ዓመት የማይዘጋ አፍህ የት ሄደ?… በሩን ዘጋችው! ኤልዊን፣ በሩን ዘጋችው!

— ሄሎ?… ሄሎ! ከማን ጋር ነው የምታወራው?… ሄሎ?

— …

— ሰማሁህ።… ሰማሁህ አልኩ። አውቶቡሱ በሙሉ ሰምቶሃል። "አቁሚ፣ አባቴ ነው" ስትል ኧርልም ከዚህ ሰማህ።

— ተከፈተ። በሩ ተከፈተ።… አባዬ ቆሟል። እዚያው መሐል መንገድ ላይ ቆሞ ቀረ። አባዬ! ምን ትገተራለህ፣ ሂድ እንጂ!… አዎ፣ አንተን ነው የምትጠብቀው!… ማን እንዳስቆማት ግባና እየው!

— ሄሎ። ወንበርህ ላይ ተመለስክ?… አታልቅስብኝ፣ እኔ ገና ተናድጄ አልጨረስኩም።… እጀታውን ያዘ። አንድ እግሩን ደረጃው ላይ አወጣ።… አይ፣ አሁን ምንም እንዳትለኝ። ልዘጋው ነው። ደርሶብሃል፤ አጠገብህ ካለው ወንበር ላይ ያን ቦርሳህን አንሳ።