ቁጭ ያሉት ሽማግሌ

(ቅዳሜ ከሰዓት፣ ጎተራ አካባቢ ያለ ጋራዥ፤ ባለቤቱ ጋሽ ሽብሩ ወገባቸውን በመቀነት ጠፍረው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ኪሩቤል ክሪክ ላይ ከቆመችው ባለ ሁለት በር መኪናው ስር በጀርባው ተጋድሟል።)

ኪሩቤል፦ እሺ፣ ወገብዎን አመመዎት። ግን ለምን ተቀመጡ ጋሼ? ሽማግሌ ሆኖ ልጅ ሊጠይቅ የሄደ ሰው "እሺ" ሳይባል ይቀመጣል?

ጋሽ ሽብሩ፦ አልተቀመጥኩም አልኩህ እኮ። ወደቅኩ። ሶፋው ነው መንገድ ላይ ያገኘኝ።

ኪሩቤል፦ አባቷ ለሶስና የነገሯት ሌላ ነው። "ሦስት ሽማግሌ ላከብኝ፤ አንደኛው ገና ቤቴን ከመርገጡ ተመቻችቶ ቁጭ አለ" ነው ያሏት።

ጋሽ ሽብሩ፦ ተመቻችቶ? አንድ እግሬ እኮ በሩ ላይ ቀርቶ ነበር። ቄስ ምትኩ ቆመው "የመጣንበት ጉዳይ ሳይፈጸም አንቀመጥም" ይላሉ፤ እኔ ከስራቸው ሶፋ ላይ ሆኜ "አዎ፣ በጭራሽ አንቀመጥም" እላለሁ። ሦስተኛው ሽማግሌ ደበበ አየኝና ሳቁን ሊያፍን ሲል በአፍንጫው አመለጠው። የአባቷ የሻለቃ ዘለቀ ፊት ያኔ ጠቆረ።

ኪሩቤል፦ እና ከዚያ በኋላ እንኳን መነሳት አቃተዎት?

ጋሽ ሽብሩ፦ ሞከርኩ። ከወገቤ በላይ ተነሳሁ፤ ከወገቤ በታች ያለው እምቢ አለ። እኔን የጣለኝ ምን እንደሆነ ደግሞ አንተ ታውቀዋለህ። አፍንጫህ ላይ ተንጠልጥሎልሃል።

ኪሩቤል፦ ይሄን ንዝረት የሚውጠውን አሞርዛተር የገጠሙት እርስዎ ነዎት።

ጋሽ ሽብሩ፦ ገጠምኩ። ባለፈው ቅዳሜ ለስላሳው ላይ አድርጌ ነው ያስረከብኩህ። "ነገ የምትጭነው ሽማግሌ ነው፣ እንዳትነካው" ብዬሃለሁ ወይስ አላልኩህም?

ኪሩቤል፦ ብለውኛል።

ጋሽ ሽብሩ፦ እስኪ አናቱ ላይ ያለችውን ቁልፍ ወደ ቀኝ አዙራት።

ኪሩቤል፦ አትዞርም።

ጋሽ ሽብሩ፦ ለምን?

ኪሩቤል፦ ጥግ ደርሳለች።

ጋሽ ሽብሩ፦ ማን አደረሳት?

ኪሩቤል፦ ጋሼ፣ ያኔ ማደያው ጋ ቆሜ የጎማ አየር ልይ ብዬ የወረድኩ ጊዜ…

ጋሽ ሽብሩ፦ ጠርጥሬ ነበር። አንተ አየር ልታይ ስትወርድ እኔና ደበበ ከኋላ "እንዴት ያለ ጠንቃቃ ልጅ ነው፣ የሶስና እድል" እየተባባልን ነበር።

ኪሩቤል፦ ምን ላድርግ ታዲያ? እናንተ ስትገቡ ኋላዋ ዝቅ አለ፤ ፓራውርቱ አስፋልት ሊልስ ደረሰ። ልጆቹ ከኋላዬ እየተከተሉ ደውለው "ምነው፣ ጤፍ ጭነሃል እንዴ?" አሉኝ።

ጋሽ ሽብሩ፦ የትኞቹ ልጆች?

ኪሩቤል፦ የመኪና ክለባችን ልጆች ናቸዋ። ሊያጅቡኝ።

ጋሽ ሽብሩ፦ እኛ እኮ ልንለምን ነው የሄድነው። ለማኝ በአጀብ ይሄዳል? ሻለቃ "ውጪ የሚያጓራው ምንድን ነው?" ሲል ቄሱ ሳያውቁ "ወፍጮ ይሆናል" አሉት። ሰፈሩ ውስጥ ወፍጮ የለም።

ኪሩቤል፦ የሁሉም መኪና ማርሚታ አይደለም የሚጮኸው፤ የአንደኛው ብቻ ነው።

ጋሽ ሽብሩ፦ ይበቃል። እና ኋላዋ እንዲነሳ ብለህ ቁልፉን አጠበቅከው።

ኪሩቤል፦ አዎ።

ጋሽ ሽብሩ፦ ያ ቁልፍ መኪና አያነሳም። መኪና የሚያነሳው ሞላው ላይ የተጠመጠመው ቀለበት ነው፤ ቀለበቱ ቁመት ነው፣ ቁልፉ ጥንካሬ ነው። አንተ አሞርዛተሩን ድንጋይ አደረግከው እንጂ መኪናህ እንደዘቀጠች ናት። የተነሳነው እኛ ነን። ፍጥነት መቀነሻውን ሁሉ ጣሪያውን በአናታችን እየደበደብን ነው የተሻገርነው። የቄሱ ጥምጥም ዓይናቸው ላይ ወርዶ የቀረውን መንገድ በጨለማ ነው የተጓዙት።

ኪሩቤል፦ ውድድር ላይ እኮ እንደዚህ ሳደርጋት መታጠፊያ ላይ መሬቱን ነክሳ ነው የምትይዘው።

ጋሽ ሽብሩ፦ ውድድር ላይ ብቻህን ነህ፣ መሬቱም ልሙጥ ነው። ለቡ ያለው የሻለቃ ሰፈር ኮብልስቶን ነው። ኮብልስቶን ላይ መሬት ነክሳ የምትይዝ መኪና ሽማግሌም ትነክሳለች።

ኪሩቤል፦ እሺ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። አሁን ነገ ዳግመኛ እንድንመጣ ፈቅደዋል። ሶስና አልቅሳ ሳትሆን አትቀርም ያስፈቀደችው።

ጋሽ ሽብሩ፦ ይሁንልህ።

ኪሩቤል፦ ምን ማለት ነው "ይሁንልህ"?

ጋሽ ሽብሩ፦ ሥራህን ሥራ ማለት ነው። እኔ መጎንበስ አልችልም፤ የጎዳኸውን ወገብ በገዛ እጅህ ካስ። ቁልፉን በአራቱም ጎማ ወደ ግራ ፍታው።

ኪሩቤል፦ ፈታሁ።

ጋሽ ሽብሩ፦ አሁን ቀለበቱ ላይ መፍቻ አስገባና መኪናዋን አንሳት። አራት ጣት።

ኪሩቤል፦ አራት! ጋሼ፣ ፒክአፕ ልትሆን ነው እንዴ? አንድ ጣት ይበቃል።

ጋሽ ሽብሩ፦ ሦስት።

ኪሩቤል፦ አንድ ተኩል። ዝቅ እንዳለች ለስላሳ መሆን አትችልም?

ጋሽ ሽብሩ፦ ትችላለች። ሆዷ የሻለቃን ሰፈር ከጫፍ እስከ ጫፍ እየጠረገ ትገባለች። አንዲት ጣት እንዲህ የምታንገበግብህ ለምንድን ነው?

ኪሩቤል፦ ነገ ከሰዓት የክለባችን ትርኢት አለ። ከሶስና ቤት በቀጥታ ወደዚያ ነኝ። ከሁሉም ዝቅ ላለችው መኪና ዋንጫ አለው።

ጋሽ ሽብሩ፦ ቆይ፣ በደንብ ልስማህ። ጠዋት ሚስት፣ ከሰዓት ዋንጫ?

ኪሩቤል፦ ምን ችግር አለው?

ጋሽ ሽብሩ፦ የለውም። ሚስቱ ብትቀር ዋንጫውን ታገባለህ።

ኪሩቤል፦ እንደሱ አይበሉኝ። ሶስናን ካጣሁ አልተርፍም ጋሼ፣ እውነቴን ነው። ሳምንቱን ሙሉ እህል አልቀመስኩም። ስልክ ሳነሳላት ድምጿ ቀዝቅዟል።

ጋሽ ሽብሩ፦ አምንሃለሁ። ታዲያ አንሳዋ።

ኪሩቤል፦ ሁለት ጣት።

ጋሽ ሽብሩ፦ እህል ላልቀመሰ ሰው ጥሩ ትከራከራለህ። ይሁን፣ ሁለት። ጎማዎቹንም አቅናቸው።

ኪሩቤል፦ ጎማዎቹ ምን ሆኑ?

ጋሽ ሽብሩ፦ አናታቸውን ወደ ውስጥ አዘምመህ እግራቸውን በርግደሃቸዋል። በውስጥ በኩል ተላጭተው ሽቦው ሊታይ ነው። መሪውን ለቀቅ ያደረግክ እንደሆነ ወደ ግራ ትሄዳለች።

ኪሩቤል፦ ዘመም ያሉት ለመታጠፊያ ነው። ታይር መሬት እንዲጠግብ።

ጋሽ ሽብሩ፦ ጠግቧል። ባለፈው እሁድ የሻለቃን ጽጌረዳ በልቶ።

ኪሩቤል፦ አጥሩን አልነካሁም።

ጋሽ ሽብሩ፦ አጥሩን አልነካህም። አበባውን ነው የረገጥከው፤ እሱ ደግሞ ጡረታ ከወጣ ጀምሮ ከዚያ አበባ በቀር የሚያዝዘው ሠራዊት የለውም። ቀጥ አድርጋቸው።

ኪሩቤል፦ ቀጥ ሲሉ እኮ የማንም መኪና ትመስላለች።

ጋሽ ሽብሩ፦ የማንም መኪና የማንንም ሽማግሌ ጥሎ አያውቅም።

ኪሩቤል፦ እሺ፣ አቀናቸዋለሁ። ሁለቱን ጣት አንስቻታለሁ፤ መፍቻውን ይያዙልኝ። ከክሪክ ላውርዳት?

ጋሽ ሽብሩ፦ አውርዳት። አሁን እነዚያን የአሸዋ ከረጢቶች አምጣ።

ኪሩቤል፦ አሸዋ ለምን?

ጋሽ ሽብሩ፦ አላይመንት ባዶ መኪና ላይ አይሠራም። ነገ የሚሳፈርባት ሰው ክብደት ዛሬ ሊያርፍባት ይገባል፤ ያለዚያ ሰው ሲገባ ጎማው ተመልሶ ይዘማል። ያንን ከኋላ በግራ አስቀምጠው፤ ደበበ ነው። ይሄ በቀኝ እኔ ነኝ።

ኪሩቤል፦ እርስዎ ከጋሽ ደበበ ይከብዳሉ።

ጋሽ ሽብሩ፦ ሳምንቱን ተሠቃይቼ ቀልያለሁ። በቀስታ አስቀምጠኝ ብቻ።

ኪሩቤል፦ አስቀመጥኩዎት። ነገ ግን እንዲህ እንዳይቀመጡ።

ጋሽ ሽብሩ፦ ለራሴም ፈርቻለሁ። ከፊት ወንበር ላይ ደግሞ ሁለት ከረጢት ደርብ።

ኪሩቤል፦ ሁለት? ከፊት የሚቀመጡት ቄስ ምትኩ እኮ ነፋስ የሚገፋቸው ሰው ናቸው።

ጋሽ ሽብሩ፦ ቄሱ ነገ በእግራቸው ነው የሚመጡት። ከቤተክርስቲያን እስከ ሻለቃ ቤት ሩቅ አይደለም።

ኪሩቤል፦ ታዲያ ይሄ ማን ነው?

ጋሽ ሽብሩ፦ ከባድ ሰው ነው። ደርብ።

ኪሩቤል፦ ጋሼ፣ ማን እንደሆነ ሳላውቅ አልደርብም።

ጋሽ ሽብሩ፦ በራስህ ትመርጣለህ ብዬ ነበር የደበቅኩህ። ሳልነግርህ ብታነሳት ደስ ይለኝ ነበር፤ አንተ ግን በጣት ስትከራከረኝ ዋልክ። ትናንት ሻለቃ ዘለቀ ደወለልኝ።

ኪሩቤል፦ ለእርስዎ? ምን አሉ?

ጋሽ ሽብሩ፦ መጀመሪያ ወገቤን ጠየቀኝ። ያኔ ሶፋው ላይ ሆኜ ላቤ ሲወርድ አይቶ ኖሮ ሲያብሰለስለው ሰንብቷል። እውነቱን ነገርኩት፤ እንደወደቅኩ፣ መኪናዋ እንደጣለችኝ። ቁልፉን ማን እንዳዞረው ግን አልነገርኩትም።

ኪሩቤል፦ እግዜር ይስጥልኝ። ሳቁ?

ጋሽ ሽብሩ፦ ይስቃል ብዬ ነበር። እሱ ግን "ልጄ ዕድሜ ልኳን የምትቀመጠው እዚያች መኪና ውስጥ አይደለም እንዴ?" አለኝ። አዎ አልኩት።

ኪሩቤል፦ ታዲያስ?

ጋሽ ሽብሩ፦ ነገ ከቅዳሴ ሲወጣ ቤቱ የምታደርሰው አንተ ነህ። ከፊት ይቀመጣል። ከኋላ እኔና ደበበ ለምስክርነት አለን።

ኪሩቤል፦ እሳቸውን? በዚህች?

ጋሽ ሽብሩ፦ በዚህችው። በኮብልስቶኑ በኩል አለ፤ በአስፋልቱ ዞረን እንዳናመጣው አስጠንቅቆኛል።

ኪሩቤል፦ ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ የት አገር አለ? መጀመሪያ ሽማግሌ ይቆማል፣ ይለምናል፣ ከዚያ…

ጋሽ ሽብሩ፦ ሁሉንም ብዬዋለሁ። "እናንተ እሺ ካላልኩ አትቀመጡም፤ እኔ ደግሞ ካልተቀመጥኩ እሺ አልልም" ብሎ ስልኩን ዘጋው።

ኪሩቤል፦ …ያንን መፍቻ መልሰው ያቀብሉኝ።

ጋሽ ሽብሩ፦ ምነው፣ ሁለት ጣት ተስማምተን አልነበር?

ኪሩቤል፦ ጣቱን ይተዉት ጋሼ፤ በክንድ ነው የምናነሳት።