ከመቃብሩ የጠፋው የድንጋይ ሰው

ሰመራ ውስጥ የቅርስ መዝጋቢ ነኝ። አንድ ቀን ከገዋኔ በኩል አንድ የአፋር ሽማግሌ መጡና "ከጥንቱ መቃብር ላይ የድንጋዩ ሰው ጠፋ" አሉኝ። ቆፍጠን ብዬ ቅጽ አወጣሁ። "ቁመቱ?" "ከክንድ ያንሳል።" "መልኩ?" "ዓይኑ ክብ ነው፣ እጁን ደረቱ ላይ አጥፏል።" "ማን ወሰደው?" "በመንግሥት መኪና የመጡ ሰዎች። እዚህ ሌባ ያገኘዋል፣ እኛ እንጠብቀው አሉን።" "አይ የዘንድሮ ሌባ!" ብዬ ጠረጴዛውን መታሁት። "መታወቂያ እንኳን አልጠየቃችሁም?"

ሽማግሌው ተነሥተው ሄዱና ንፋሱ እንዳይዘጋብኝ የቢሮዬን በር የማስደግፍበትን ድንጋይ ገለበጡት። ሁለት ክብ ዓይኖች አፈጠጡብኝ። ቢሮውን ከተረከብኩ ጀምሮ በሩን የያዘልኝ እሱ ነው! በሩ ድው ብሎ ተዘጋ።

ቅጹን ቀድጄ ምስሉን አስታቀፍኳቸውና "አባቴ፣ ነገሩ እዚሁ ይቅር" ብዬ ለመንኳቸው።

"መንገድ ላይ ዳጉ እጠየቃለሁ" አሉ። ዳጉ አፋር ከአፋር ሲገናኝ ያየውን የሰማውን ሳይጨምር ሳይቀንስ የሚነጋገርበት ወግ ነው። "ወላሂ፣ አንዲት ቃል አልጨምርብህም።"

እውነትም አልጨመሩም። አልቀነሱልኝም እንጂ። በሳምንቱ አዋሽ አርባ ምሳ ስበላ፣ አጠገቤ የተቀመጠ የከባድ መኪና ሹፌር የት እንደምሠራ ጠየቀኝ።

"ሰመራ፣ ቅርስ ጥበቃ" አልኩት ኮራ ብዬ።

ጉርሻውን እንኳን ሳይውጥ፣ "ታዲያ አሁን በሩን በምን ያዛችሁት?" አለኝ።