ቴሌግራም ያደረሰው መርዶ

አንድ ቀን የሆነውን ልንገራችሁ። ሸዋ ሮቢት ገበያ ላይ ከጓደኛዬ ከሰይድ ጋር እንከራከራለን። እሱ «ደካማ ኔትወርክ ላይ እንኳ መልክ የሚያሳይህ ኢሞ ነው» ይላል፤ እኔ «ለሰፈሩ ሁሉ ባንዴ የሚያደርስ ቴሌግራም ነው» እላለሁ። በዚህ መሀል ከማጀቴ ከተማ ተደወለልኝ፤ የሰፈራችን ሰው ጋሽ አህመድ እዚያ ሞተዋል። «ፍጥነቱን እይማ!» አልኩና የሰፈራችን ግሩፕ ላይ ጻፍኩት።

ልጃቸው ዘይነባ ግሩፑ ውስጥ መሆኗ ትዝ ያለኝ ከሽንኩርት መደቧ በኩል ጩኸቷን ስሰማ ነው። ሮጠን ስንደርስ ስልኳን እንደያዘች ብቻዋን መሬት ላይ ወድቃለች። መርዶውን ሊነግሯት ተጠራርተው የመጡት ሽማግሌዎች ከኋላችን ደረሱ። አንደኛው እጄ ላይ ያለውን ስልክ አዩና በቀስታ፣ «ልጄ፣ እኛ የዘገየነው ደግፈው የሚይዟትን ሴቶች ስንጠራ ነው» አሉኝ። «ያንተው ቀድሞን ደረሰ። ስትወድቅ ግን ማን ያዛት?»