ፈተናውን የቀደመ እልልታ

(ወረኢሉ መናኸሪያ፣ ከሰዓት በኋላ። ወይዘሮ ሰዓዳ የሕግ ተማሪ ልጇን ሂክማን ለነገው የመውጫ ፈተና ወደ ደሴ ልትሸኝ መጥታለች፤ የመጨረሻዋ ሚኒባስ ልትሞላ ጥቂት ሰው ቀርቷታል፤ ሂክማ ግን ከተቀመጠችበት ድንጋይ አልነሳም ብላለች።)

ሰዓዳ፦ ተነሽ ብዬሻለሁ። ጋቢና ነው ያስያዝኩልሽ፣ ከሾፌሩ ጎን። እንደ ሰው ተደላድለሽ ትሄጃለሽ።

ሂክማ፦ ሌላ ሰው ይቀመጥበት።

ሰዓዳ፦ ሌላ ሰው ፈተና የለበትም።

ሂክማ፦ ሆዴን እያመመኝ ነው፣ እማ።

ሰዓዳ፦ ጠዋት ራስሽን ነበር። አሁን ሆድሽ ደረሰ። ደሴ እስክትገቢ በእግርሽ በኩል ይወጣል።

ሂክማ፦ ቀልጂ አንቺ።

ሰዓዳ፦ ምን ላድርግ ታዲያ? መናኸሪያ መሀል ተዘርፍጬ ላልቅስልሽ?

ሂክማ፦ እሱ ይሻል ነበር።

ሰዓዳ፦ አታሟርቺ። ይልቅ ቀና በይ፣ ሐጂ ይመር እያዩን ነው። … እንዴት ዋሉ ሐጂ! አዎ፣ ወደ ሥራዋ እየተመለሰች ነው! አልሃምዱሊላህ!

ሂክማ፦ የምን ሥራ?

ሰዓዳ፦ ዝም በይና ፈገግ በይ።

ሂክማ፦ እማ፣ የምን ሥራ ነው ያልሻቸው?

ሰዓዳ፦ ደሴ ሥራ ይዛለች፣ ለዕረፍት ነው የመጣችው ብያለሁ። ምን ልበል? ልጄ ወድቃ ልትደግም ነው ልበል? ዱዓ ያደረጉልሽ እሳቸው ናቸው። በጉንም ያረዱት እሳቸው ናቸው።

ሂክማ፦ ማን እረዱ አላቸው?

ሰዓዳ፦ እኔ ነኛ! ፎቶውን ማን ላከው?

ሂክማ፦ እኔ የላክሁት ፎቶ ብቻ ነው!

ሰዓዳ፦ ጋዋን ለብሰሽ! ቆብ ደፍተሽ! ጥቅል ወረቀት ይዘሽ! ይኼን ያየች እናት ምን ትበል? «ልጄ ለጨዋታ ለብሳ ነው» ትበል?

ሂክማ፦ ሁሉም ተማሪ ከፈተና በፊት ነው የሚነሳው። ጋዋኑም በተራ ነው የሚለበሰው፤ እኔ ሳወልቀው ጓደኛዬ ሩቂያ ለበሰችው። ጥቅሉ ወረቀት ደግሞ ባዶ ነው። ፎቶ አንሺው ነው ለሁላችን የሚያስይዘን።

ሰዓዳ፦ ባዶ መሆኑን እኔ በምን ልወቅ?

ሂክማ፦ ደውለሽ ብትጠይቂኝስ?

ሰዓዳ፦ ደወልኩ እንጂ! ጎረቤቱ ሁሉ ስልኬ ላይ ተደፍቶ እልል ሲል፣ አንቺ «እሺ እማ፣ እሺ እማ» ነው ያልሽው። «ገና ነኝ» ለማለት አፍሽን ማን ያዘው?

ሂክማ፦ ቤተ መጻሕፍት በር ላይ ነበርኩ። የማስረጃ ሕግ ቀርቶኝ፣ እሱን ልጨርስ ስጣደፍ ነው የደወልሽው። እልልታው አላቆም አለ። አንዷ ስትጨርስ ሌላዋ ትቀበላለች። ምን ልበል? «አቁሙ» ልበል?

ሰዓዳ፦ አዎ። «አቁሙ» ይባላል።

ሂክማ፦ አንቺ እያለቀስሽ ነበር፣ እማ። በደስታ ስታለቅሺ ሰምቼሽ አላውቅም ነበር።

ሰዓዳ፦ እሱን ተዪው።

ሂክማ፦ ያን ጊዜ ፈተናው ላይ ተቀምጬ ጥያቄው ኮምፒውተሩ ላይ ይታየኛል። የሚሰማኝ ግን እልልታ ነው። አንዱን ጥያቄ አነበዋለሁ፣ አይገባኝም፤ እመለስበታለሁ፣ አይገባኝም። ጎኔ ያለችው ልጅ ጨርሳ ስትወጣ እኔ እዚያው ነኝ።

ሰዓዳ፦ አምስት ዓመት ሙሉ ያነበብሽው የት ሄዶ?

ሂክማ፦ የት እንደሄደ ባውቅ አመጣው አልነበር?

ሰዓዳ፦ እንዲህ ብለሽ ነግረሽኝ አታውቂም።

ሂክማ፦ ብነግርሽስ? በጉ ይነሳል?

ሰዓዳ፦ በይ ያ አለፈ። ዛሬ እልል የሚል የለም። እኔም አልደውልም፤ ፈተናው እስኪያልቅ ስልኬን አጥፍቼ አስቀምጣለሁ። ስትጨርሺ «አለፍኩ» ባትይኝ እንኳ «ወጣሁ» በይኝ፣ ይበቃኛል።

ሂክማ፦ አልገባም ብያለሁ እኮ።

ሰዓዳ፦ እከስሻለሁ!

ሂክማ፦ እናት ልጇን «ፈተና አልገባም አለችኝ» ብላ የምትከስበት ሕግ የለም።

ሰዓዳ፦ ታዲያ የምን ሕግ ነው ያስተማሩሽ? ሂክማዬ፣ እኔን እይኝ። ያንቺን ዲግሪ ማንም ሳያነብልኝ ላነበው ብዬ በዚህ ዕድሜዬ ፊደል ልቆጥር ተቀምጫለሁ። መምህሩ ወደ ሰሌዳ ሲጠራኝ ፊደሉ ሁሉ ይጠፋብኛል። ግን እወጣለሁ።

ሂክማ፦ አንቺ ብትሳሳቺ ማን ይስቅብሻል?

ሰዓዳ፦ ሁሉም! አብራኝ የምትማረው ከድጃማ ሆዷን ይዛ ነው የምትስቀው። «የጠበቃ እናት ሆነሽ ስምሽን መጻፍ ያቅትሽ?» እያለች።

ሂክማ፦ የጠበቃ እናት ይሉሻል?

ሰዓዳ፦ ሌላ ስም የለኝም አሁን። ክፍል ውስጥ ከፊት ነው የሚያስቀምጡኝ። ቦኖ ውሃ ስሄድ ወረፋውን ከፍለው «ግቢ፣ የጠበቃ እናት» ይሉኛል። አሁን አሁን ቦኖውን ትቼ ወንዝ ነው የምወርደው።

ሂክማ፦ ወንዝ? ያንን ቁልቁለት? በዚያ ወገብሽ?

ሰዓዳ፦ የማይገባኝን ወረፋ ልቅደም ታዲያ?

ሂክማ፦ አፉ በይኝ፣ እማ፤ ይቅር በይኝ።

ሰዓዳ፦ አፉ ብያለሁ። ብቻ ግቢ። ነገ ታልፊያለሽ፣ ኢንሻአላህ፤ ያልኩት ውሸት እውነት ይሆንና ማንም ሳያውቅ ያልፋል። … መጣን ወንድሜ! ጥቂት ታገሠን! … ተነሽ፣ ሁለት ሰው ነው የቀረው።

ሂክማ፦ ነገ ፈተና የለኝም።

ሰዓዳ፦ እንዴት የለሽም? ሬድዮው «ነገ ነው» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ሂክማ፦ ነገ ነው። ለእኔ ግን አይደለም። አልተመዘገብኩም።

ሰዓዳ፦ አልተመዘገብኩም ማለት ምን ማለት ነው?

ሂክማ፦ የሚደግም ሰው ስሙን ማስመዝገብ አለበት። በስልክ ነው። ስሜን እጽፍና መልሼ አጠፋዋለሁ። በማግስቱም እንደዚያው። አንድ ቀን ስከፍተው «ምዝገባው አብቅቷል» አለኝ።

ሰዓዳ፦ ታዲያ ይኼን ሁሉ ጊዜ ጓዳ ገብተሽ በር ዘግተሽ ስታነቢ የከረምሽው ምንድን ነው?

ሂክማ፦ መጽሐፉ ክፍት ነበር።

ሰዓዳ፦ እንዳይረብሹሽ ብዬ ዶሮዎቼን ጎረቤት ሰድጃለሁ እኮ!

ሂክማ፦ አውቃለሁ።

ሰዓዳ፦ አውራው እስካሁን አልተመለሰም!

ሂክማ፦ እሱን በልተውታል፣ እማ።

ሰዓዳ፦ ሂጂና ለምኛቸው። እናቴ ታማ ነው በይ። ሞታ ነው በይ። እነሱስ እናት የላቸውም? ያዝናሉ።

ሂክማ፦ ስሜ ከሌለ ከበሩ ነው የሚመልሱኝ።

ሰዓዳ፦ በሩ ላይ ቁሚ።

ሂክማ፦ ቆሜስ?

ሰዓዳ፦ ቁሚ ብቻ! ቆመሽ… እኔ እንጃ! አላውቅም!

ሂክማ፦ የሚቀጥለው መቼ እንደሆነ አልተነገረም። ቢነገርም ያው ጽፌ የማጠፋው ይመስለኛል። አልዋሽሽም ከእንግዲህ።

ሰዓዳ፦ ታዲያ እዚህ ድረስ ምን ልታደርጊ መጣሽ? ቤት አትነግሪኝም ነበር?

ሂክማ፦ ልሄድ ነበር። ነገ ደሴ ውዬ ማታ «ተፈተንኩ» ብዬ ልደውልልሽ ነበር።

ሰዓዳ፦ ከዚያስ?

ሂክማ፦ ከዚያ… አልመለስም።

ሰዓዳ፦ የት ልትሄጂ?

ሂክማ፦ እኔ እንጃ። ማንም የማያውቀኝ ቦታ። መኪናው ጋ ስንደርስ ግን እግሬ እምቢ አለኝ።

ሰዓዳ፦ እኔም «ለአንድ ቀን ፈተና ይኼ ሻንጣ ምን ቢይዝ ነው እንዲህ የከበደው» እያልኩ ነበር።

ሂክማ፦ ለምን አልጠየቅሽኝም?

ሰዓዳ፦ መጽሐፍ መስሎኝ! መጽሐፍ ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ተሸከምኩት!

ሂክማ፦ ሾፌሩ እየጠራ ነው። ልሂድ፣ እማ። ሥራ ይዛለች ብለሻል አይደል? እንደያዝኩ ልቅር። ማንም አይጠይቅሽ፣ ማንም አይስቅብሽ። አንቺም ያንን ቁልቁለት አትወርጂ።

ሰዓዳ፦ ምን ብዬ ልኑር? «ልጅሽ እንዴት ናት» ሲሉኝ ምን ልበል?

ሂክማ፦ «ደህና ናት» በያ። እንደለመድሽው።

ሰዓዳ፦ … ሾፌር! ወንድሜ! ቦታውን ለሌላ ስጠው! … የለም፣ ደህና ናት፣ አልታመመችም! አትሄድም! ሥራ የላትም! አልተመረቀችም፣ ወድቃለች! … አዎ! የእኔው ልጅ! የሰዓዳ ልጅ!

ሂክማ፦ እማ! ምን ሆነሻል? ሰው ሁሉ ወደኛ ዞረ እኮ!

ሰዓዳ፦ ይዙር። ሻንጣሽን አንሺ፣ እኔ አሁን ጉልበት የለኝም።

ሂክማ፦ በምን ፊታችን ነው ሰፈር የምንገባው?

ሰዓዳ፦ በዚሁ ነዋ። ሌላ የለንም።