ግምት ፍርድ አይደለም

ዝናብ ሲመጣ የተጣላም የተፋቀረም አንድ ጣሪያ ሥር ይገናኛል። የትምህርት ወረዳው ቦርድ ሰብሳቢ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው ወደ ትምህርት ቤት ሲያዘግሙ ዶፍ ወረደባቸውና ወደ መድኃኒት ቤቱ በረንዳ ሮጡ። እዚያም ስታቲስቲክስ ተምራ የተመለሰች የእህታቸውን ልጅ ጃንጥላዋን ስታራግፍ አገኟት። ተሳሳሙ፤ ስለ ቤተሰቡ ጤንነትም ተጠያየቁ።

«ጋሼ፣ ምነው ፊትዎ ጠቆረ? ሰው ሞተ እንዴ?»

«ከሞት አያንስም ልጄ። የንባብ መምህሯን ላሰናብት እየሄድኩ ነው። ክፉ ወሬ በሰው አፍ እንደማልልክ ታውቂያለሽ።»

የንባብ መምህሯ ከክፍል ጓደኞቻቸው ወደ ኋላ የቀሩ ሕፃናትን እየሰበሰበች የምታስነብብ ሴት ናት። ደመወዟ የሚከፈለው የፌዴራሉ መንግሥት ለድሃ ቤተሰብ ልጆች ብሎ፣ እንደ ልጆቹ ብዛት ለየወረዳው ከሚያከፋፍለው ገንዘብ ነው። ትናንት የመጪው ዓመት ግምት ሲነገር የወረዳው ድርሻ በሩብ ቀንሶ ተገኘ። ቦርዱም እንደ ልማዱ ውሎ ሳያድር የሚቆረጠውን ቆረጠ። ሰብሳቢው ግን መምህሯን እንደ ልጃቸው ስለሚወዷት ሲገላበጡ አደሩ።

«ግምቱን መረመራችሁት?» አለች ወጣቷ።

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ሲባል አልሰማሽም? እነሱ ሚኒስቴር ሙሉ ሊቅ አላቸው። እኛ ማን ነን? አንድ ጡረታ የወጣ አውቶቡስ ነጂ፣ አንድ ዳቦ ጋጋሪ፣ አንዲት ነርስ!»

«ሰማይስ አይታረስም፤ ግን ይዘንባል የሚለውን ግምት ሰምቼ ጃንጥላ ይዣለሁ። የራሱት እርስዎ ነዎት። ግምትን ይናቁ አላልኩም ጋሼ፣ ምን እንደሆነ ይወቁት ነው የምለው።»

ሰብሳቢው ሳይወዱ ሳቁ። አንባቢ ሆይ፣ ታላቁን ማክበር መልካም ነው። ሳይጠይቁ አሜን ማለት ግን ከአክብሮት ይልቅ ለስንፍና ይቀርባል፤ የሚጎዳውም ብዙ ጊዜ አሜን ባዩን ሳይሆን ሌላውን ነው።

«ለመሆኑ ቁጥሩ ከየት የመጣ ይመስልዎታል?»

«ቆጥረውን ነዋ!»

«የእርስዎን በር ማን አንኳኳ?»

አሰቡ፣ አሰቡ፤ ማንም አልመጣም።

«በዕጣ የወጡ ጥቂት ቤቶች ብቻ ይጠየቃሉ» አለች። «ከእነሱ ተነሥተው የወረዳውን ድሃ ልጆች ብዛት ይገምታሉ።»

«ጥቂት ቤት ጠይቀው የሁሉን ጓዳ ሊያውቁ?»

«ሾርባ ጨው አንሶት እንደሆነ ለማወቅ ድስቱን ሙሉ ይጠጣሉ እንዴ? ደህና አድርገው ካማሰሉት አንድ ማንኪያ ይበቃል።»

ሰብሳቢው ማዶ የተደረደሩትን የተዘጉ በሮች ተመለከቱ። ዕድሜ ልካቸውን በዚህ መንገድ አውቶቡስ ሲነዱ ከነዚያ በሮች በስተጀርባ ስንት ልጅ ሳይበላ እንደሚያድር አውቀው አያውቁም። አንድም ቀን ያላዩአቸው ሰዎች በጥቂት ጥያቄ ወደ እውነቱ ሊጠጉ መቻላቸው በጣም ገረማቸው።

«ይህን ያህል ጥበብ ካላቸው ታዲያ ምኑን ልመርምር?»

«በትልቅ ከተማ ብዙ ማንኪያ ይቀመሳል። በእኛ ትንሽ ወረዳ ግን የሚጠየቁት ቤቶች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ዘንድሮ ዕጣው የደላቸው ሰዎች ላይ ከወደቀ ድህነት የቀነሰ ይመስላል። ይህንን ደግሞ ከማንም በፊት የተናገሩት ገማቾቹ ራሳቸው ናቸው። ይኸው ስልኬ ላይ ይዩት፣ ከቁጥሩ አጠገብ ‹ይህን ያህል ልንሳሳት እንችላለን› ብለዋል።»

«ማን? መንግሥት ነው ልሳሳት እችላለሁ ያለው?»

«አዎን ጋሼ፣ በገዛ እጁ ጽፎ።»

መነጽራቸውን አድርገው ስልኳን ተቀበሉና ደጋግመው አነበቡ። ከዚያ ቀስ ብለው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሹም ሲቆጣ፣ ሲያዝ፣ ሲምል ሰምተው ያውቃሉ፤ ተሳስቼ ይሆናል ሲል ግን ሰምተው አያውቁም። እንዲህ ያለ ትልቅ ኃይል እንዲህ ዝቅ ማለቱ ልባቸውን ነካው።

«የተቀነሰብን ሩብ ነው» አለች ወጣቷ፣ «ሊሳሳቱ የሚችሉበት መጠን ግን ከሩብ ይበልጣል። ስለዚህ ቀንሶ ይሆናል፤ ላይቀንስም ይችላል። ከሁለት ዓመት በፊት የአናጢነቱን መምህር በግምቱ አሰናበታችሁት። በኋላ ምን ሆነ?»

«በኋላማ የገንዘብ ምርቃት መጣልን! አጥሩን ቀለም ቀባንበት።»

«ምርቃት አልነበረም ጋሼ። ግምቱ አንሶ፣ በኋላ የሚጸድቀው እውነተኛው ድልድል በልጦ የመጣ ነው። የቀባችሁት በመምህሩ ደመወዝ ነው።»

መምህሩ ቤቱን ሸጦ አገር ለቆ ሄዷል። አጥሩ ግን አሁንም ያብረቀርቃል።

«ብናቆያትና ገንዘቡ በእርግጥ ቢቀንስስ?» አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸው ለስልሶ።

«ሊቀንስ ይችላል፤ አልዋሽዎትም። አምና ከግምቱ አንሶ ነው የመጣው። ግን መጠባበቂያ አላችሁ፤ እውነተኛው ድልድል እስኪታወቅ ያቆያታል። ቢቀንስ እንኳ ሥራ መፈለጊያ ጊዜ ታገኛለች። ቢጨምር ደግሞ የጨመረው ለልጆቹ ይውላል። የየዓመቱን ግምት በኋላ ከመጣው ጋር ብታስተያዩት፣ መቼ መጨነቅ መቼ መታገሥ እንዳለባችሁ ትለያላችሁ። ስሕተት ካገኛችሁም አቤት የምትሉበት ማስረጃ ይኖራችኋል።»

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል» አሉ ሰብሳቢው። «እኛ ግን አፍስሰን መልቀሙን እንኳ አላወቅንበትም።»

እዚያው ቆመው ለዳቦ ጋጋሪውና ለነርሷ ደወሉ። ነርሷ ወዲያው ተስማማች። ዳቦ ጋጋሪው ትንሽ ካጉረመረመ በኋላ፣ የአጥሩ ነገር ሲነሣበት እሱም እሺ አለ።

ዝናቡ አባራ። መምህሯ ሰብሳቢውን ከክፍሏ በር ላይ ስታይ ጠመኔውን አስቀመጠች። ትንንሾቹ ተማሪዎቿ ማንበባቸውን አቆሙ።

«የመጡበትን ሰምቻለሁ» አለች። «ልሰናበት ነው አይደል?»

ሰብሳቢው በሕዝብ ፊት «አላውቅም» ብለው አያውቁም ነበር።

«አላውቅም ልጄ» አሉ። «የመጣው ግምት ነው፤ ሊስትም ይችላል። ቸኩለን ፈርደንብሽ ነበር። ትክክለኛው እስኪታወቅ እንመረምራለን፤ እስከዚያ ማንም አይነካሽም። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን አላውቅም።»

ሴትዮዋ የተማሪዎች ወንበር ላይ ቁጭ አለች። እንባዋን በጠመኔ እጇ ስትጠርግ ጉንጯ ነጣ።

«ታዲያ ነገ ልምጣ?»

«ነይ» አሏት። «እሱን እንኳ አውቃለሁ።»